የብርነሽ ክብሪት

ሐረር ውስጥ ፈላና በር አጠገብ ትኖር የነበረችው ብርነሽ ውሸታም አልነበረችም። ውሸታም ያልነበረውን ይፈጥራል፤ ብርነሽ ግን የነበረውን ታሳድጋለች እንጂ ከባዶ ሜዳ ተነስታ አታወራም። በሬ አየሁ ካለች ቢያንስ አንድ ጥጃ በዚያ በኩል አልፏል ማለት ነው።

አያቷ ከሸዋ ከጦሩ ኋላ በቅሎ እየጫኑ ሐረር የገቡ ሰው ነበሩ። በብርነሽ አንደበት መጀመሪያ የጫኞቹ አለቃ ሆኑ፣ ቀጥለው የስንቁ አዛዥ ሆኑ፣ ጣልያን ተባርሮ አገር ሲረጋጋ ደግሞ ፊታውራሪነቱን አገኙ። ከሞቱ በኋላ ሹመት ያልተቋረጠባቸው ሰው በኢትዮጵያ ምድር እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። እሷ ራሷ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ በሲንጀሯ ተቀምጣ ትሰፋለች። መቼም እዚያ መንገድ ላይ የመኪናው ጩኸት ሰው የገዛ ስሙን እንኳ እንዳይሰማ ያደርጋል፤ የብርነሽ ድምፅ ግን ከሁሉ በላይ ይሰማል። በዚያ ሁሉ ወንድ ሰፊ መካከል ያለች አንዲት ሴት እሷ ናት። «እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ጅብ ቢጎትተው ጥርሱ ይወልቃል እንጂ ክሩ አይበጠስም» ትላለች። ደግሞ ስፌቷ እውነትም ጥሩ ነበር።

ይህች ሁሉን የምታስረዝም ሴት አንዲት ነገር ብቻ ታሳጥር ነበር። ሰገነት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት። ሰገነትን የሚጥል በሽታ ይዟታል፤ ያውም በወር በሁለት ወር ብቅ ብሎ የሚሄደው ዓይነት አይደለም። በቀን ሰባት ጊዜ፣ ሲብስባት ስምንት ጊዜ ድንገት መሬት ላይ የሚደፋት፣ አረፋ የሚያስደፍቃት ክፉው ነው። ጸበል አልመለሰውም። ባሏ አሰፋ የድሬዳዋ አውቶቡስ ሹፌር ነውና ከዚያ በኪሱ ሸሽጎ የሚያመጣው ሉሚናል የሚሉት ኪኒንም አልያዘው። ብርነሽ ታዲያ ልጅቷን ጓዳ አስቀምጣ፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ በቁንጮ ፀጉሯ ሸፍና፣ ሰው ሲጠይቃት «ጾም እያበዛች አንዳንዴ ይዞርባታል። በዘጠኝ ዓመቷ እንደ መነኩሴ ነው የምትጾመው» ትላለች። እዚህም ላይ ትንሽ ጉራ መጨመሯ አልቀረም።

መደበቋ ከጭካኔ አልነበረም። አረፋው የነካው ሰው ይያዛል ይባላል፤ በሽታው በዘር ይወርዳል ይባላል። አንዴ «ዘሩ አለበት» የተባለ ቤት ደግሞ ሰባት ትውልድ ሙሽራ አይገባበትም። ስለዚህ ልጅቷን ሲጥላት በሩን ዘግታ፣ እንደ አገሩ ወግ ክብሪት ጭራ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ትይዝላታለች። ክብሪቱ ይርዳ አይርዳ እግዜር ይወቀው። የእናት እጅ ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ባዶውን መቆየት አይችልም።

ከግድግዳው ወዲያ ሩቂያ ትኖራለች። ከደጋው የጫት አገር የመጣች፣ በቤቷ መስኮት ስኳርና ሳሙና፣ ላምባና ክብሪት የምትሸጥ ዝምተኛ ሴት ናት። አሚን የሚባል የስምንት ዓመት ልጅ አላት። አሚንንም ያው ክፉው በሽታ ይጥለዋል። ሩቂያ ግን ነገር መደበቅ አታውቅበትም። ሳሙና እየመዘነች «ልጄን በቀን አምስት ጊዜ ይጥለዋል። አላህ የሰጠው ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ሰዉ ከንፈሩን ይመጥና ሳሙናውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ልጆቹም አሚን ሲመጣ ይሸሻሉ። በዚያን ጊዜ ብርነሽ በሩቂያ አትቀናም ነበር። እንዲያውም «ይቺ ሞኝ፣ የልጇን ገበና በሳሙና ትመዝናለች» ትል ነበር በሆዷ።

ቅናቱ የመጣው ከዶክተሩ ጋር ነው።

ዶክተር ተክለጻድቅ ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ቀጭን፣ ሲናገር መነጽሩን የሚያወልቅ ወጣት ነበር። ኪኒን የማይመልሰውን ይህን ብርቱ የሚጥል በሽታ አጠናለሁ ብሎ በ1958 ዓ.ም. በጋ ጀጎልን ቤት ለቤት ዞረ። ብርነሽ ቤትም መጣ።

«ወይዘሮ ብርነሽ፣ በዚህ ቤት የሚጥለው ልጅ አለ?» አላት ደጃፉ ላይ ቆሞ።

«በዚህ ቤት? የፊታውራሪ የልጅ ልጅ ቤት ነው እኮ ዶክተር። በዚህ ቤት ጉንፋን እንኳ ሲገባ አስፈቅዶ ነው።»

«አንዲት ልጅ እንዳለችዎት ሰምቻለሁ።»

«አንዴ ዞሮባት ነበር። በጾም። አንዴ ብቻ።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀና ትንሽ አያት። ከዚያ አመስግኖ ወደ ሩቂያ በር አለፈ። ሩቂያ ሁሉንም ነገረችው፤ አሚን ከመውደቁ በፊት ምን እንደሚያይ፣ የትኛው እጁ እንደሚቀድም፣ ሲነቃ ምን እንደሚጠይቅ። ዶክተሩ ሩቂያ ደጃፍ ላይ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጦ ዋለ። ብርነሽ በመስኮት ሆና ስታይ «ምን ቢያወሩ ነው ይህን ያህል? የሷ አያት እንኳን ፊታውራሪ በቅሎም አልነበራቸው» አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቆዳው ቆብ መጣ።

ዶክተሩ አንድ ኮርቻ ሰፊ አነጋግሮ፣ አሚን ሲወድቅ ራሱ እንዳይፈነከት ውስጡ በጥጥ የተሞላ፣ አገጭ ሥር በማሠሪያ የሚታሰር ቆብ አሰፋለት። ቆቡ እንደ ፈረሰኛ ወታደር የራስ ቁር ያበራል። አሚን እሱን ደፍቶ በር ላይ ብቅ ያለ ዕለት የፈላና በር ልጅ በሙሉ ተከተለው። ትናንት ሲሸሹት የነበሩት ልጆች ዛሬ «አንዴ ልሞክራት» ብለው ተሰለፉ። አንዱማ ቆቡን አናቱ ላይ እንዲያደርጉለት ብሎ ሆን ብሎ ወደቀ። ሩቂያም ሰው ሆነች። በመንገድ ስታልፍ «የአሚን እናት» እየተባለች ወንበር ይለቀቅላታል። ዶክተሩ በስሟ ይጠራታል። የእድር ሰዎች ሳይቀሩ ልጁ እንዴት አደረ ብለው ይጠይቋታል።

ብርነሽ ድብን አለች። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የምትሰፋውን ትረሳለች፤ አንድ ቀን የአንድ ሻምበል ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ገጥማ ሰፋችው። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ደግሞ አንድ ነገር ነበር። የአሚን በቀን አምስት ነው፤ የሰገነት ሰባት። በዚያች ከተማ ውስጥ አንዲት ነጥብ ሳትጨምር፣ በእውነቱ ብቻ ሩቂያን የምትበልጥበት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር። እሱንም አፏን ከፍታ መናገር አትችልም።

ነገሩ እየገፋ ሄደ። ዶክተሩ ለከተማው ሽማግሌዎች እንዲህ ብሎ አስረዳ። ይህ ዓይነቱ በሽታ ከስንት አንድ ሰው ነው የሚይዘው፤ ብርቅ ስለሆነም የሚያጠናው የለም። የማይጠና በሽታ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። አዲስ አበባ የአንጎልን እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ እየጫረ የሚያሳይ መሣሪያ አለ። ልጆቹን እዚያ ወስዶ ለወራት ማጥናት ይፈልጋል፤ መሄጃ፣ ማደሪያና የምርምሩ ወጪ ግን ከመንግሥት አልተገኘም። የክርስቲያኖቹ እድርና የሐረሮቹ መረዳጃ አፎቻ ተመካከሩና በአንድነት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ጨረታ እናድርግ አሉ። ሁሉም ያለውን ያመጣል፣ ያለው ይጫረታል፣ ገቢው ለምርምሩ ይሆናል። ጨረታው እሑድ፤ መኪናው ማክሰኞ ይነሳል። እስከ እሑድ ማታ ያልተመዘገበ ልጅ ይቀራል።

ቅዳሜ ዕለት ሰገነት በመስኮቱ ቀዳዳ አሚንና ቆቡን ስታይ ቆይታ ዞረች።

«እማዬ፣ የኔ ቆብ መቼ ነው?»

«ምን ያደርግልሻል? እሱ በሽተኛ ሆኖ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ይዞርብሻል።»

«አሚንም ይዞርበታል» አለች ሰገነት። «ግን እሱ ደጅ ሄዶ ነው የሚዞርበት።»

ብርነሽ ለእሑዱ ጨረታ የምትጠልፈውን ቀሚስ አነሳች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፈረስ መጋላ ጠጠር መጣያ አልነበረውም። የጭነት መኪና አምጥተው ኋላውን እንደ መድረክ ከፍተውታል። ጨረታውን የሚመራው እንደሻው ነበር። የሞተ ዶሮ በሬ ነው ብሎ ቢጣራ ሰው የሚገዛው፣ ሠርግም ተዝካርም ያለሱ የማይደምቅ ቀልደኛ ነው። መድረኩ ላይ አሚን ቆቡን ደፍቶ እንደ ባላባት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሩቂያ አጠገቡ፣ ዶክተሩ ከኋላቸው። ሰገነት ቤት ውስጥ ናት፤ አሰፋም ድሬዳዋ።

ብርነሽ ለጨረታው ቀሚስ አምጥታ ነበር። ሌሊት አልተኛችበትም፤ ጥልፉን ያየ ሰው የገነት በር ነው የሚለው ዓይነት። እንደሻው ብድግ አድርጎ አሳየ።

«ይህን ቀሚስ የሰፋችው እትዬ ብርነሽ ናት፤ ስለዚህ ዋጋውን በሦስት አካፍላችሁ ስሙ» አለ።

ሕዝቡ ሳቀ። አንድ የመድኃኒት መደብር ባለቤት የመጀመሪያውን ዋጋ ጠራ፤ ሁለተኛ የጠራ አልነበረም። አለቀ።

ቀጥሎ የሩቂያ ሰፌድ ወጣ። የሐረር ሴት ግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለው ባለቀለም ሰፌድ ነው፤ አሚንን አጠገቡ ሆና ስትጠብቅ የሰፋችው። እንደሻው ስለሰፌዱ ምንም አልቀለደም። «የአሚን እናት ሥራ» አለ፤ በቃ። ከዚህ ከዚያ ዋጋ ይጠራ ጀመር። የቡና ነጋዴው ሐጂ ዩሱፍ ስልሳ ብር አሉ፤ በዚያ ዘመን ስልሳ ብር ማለት ላም ከነጥጃዋ ነው።

«ሰባ» አለች ብርነሽ።

ሰዉ ዞሮ አያት።

«ሰማንያ» አሉ ሐጂ ዩሱፍ።

«መቶ።»

ይህ ብር ሁለተኛ ሲንጀር ልትገዛበት አራት ዓመት ያጠራቀመችው ነበር። ለምን እንደጠራችው እሷም አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ የሩቂያ ሰፌድ የሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስሟ ሲጠራ ማየት አትችልም። ከራሷ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ግን ቢያንስ ጀርባውን አዙራ ልትሰቅለው ትችላለች።

ሐጂ ዩሱፍ በትራቸውን ተደግፈው ፈገግ አሉ። «ይሁንልሽ ልጄ። እኔ የፈለግኩት ሰፌድ ነው፤ አንቺ የፈለግሽው ሌላ ነገር ነው» አሉ።

በነሱ ጨረታ ወግ አለ። ያሸነፈ ሰው መድረክ ወጥቶ አንድ ቃል ይመርቃል፤ ከዚያ ዕቃውን ወይ ይወስዳል ወይ እንደገና እንዲጫረት ይመልሳል። እንደሻው እጁን ዘረጋላት።

«እትዬ ብርነሽ ይምጡና ይመርቁ። ፊታውራሪን ግን እዚያው ታች ያሳርፏቸው፤ ሽቅብ መውጣት ለሽማግሌ ከባድ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ብርነሽ ወጣች። ከላይ ሆና ሕዝቡን ስታይ የሐረር ግንብ ሰውን ሁሉ አስወጥቶ እዚያ ያፈሰሰው መሰላት። ከአያቷ ልትጀምር ነበር። አሚንን ከቅርብ አየችው። የቆቡ ማሠሪያ አገጩ ሥር ትንሽ ላልቷል፤ ሩቂያ እጇን ዘርግታ ሳታየው አጠበቀችለት። ያቺ እጅ ስታጠብቅ ማንም ዞር አላለም፣ ማንም በሩን አልዘጋባትም፤ በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ። ብርነሽ በሕይወቷ በወርቅ ቀንታ ታውቃለች፣ በባል ቀንታ ታውቃለች፤ እንዲህ በአንዲት የእጅ እንቅስቃሴ ግን ቀንታ አታውቅም። አፏም ሳያስፈቅዳት ተከፈተ።

«ልጄ ሰገነት በቀን መቶ ጊዜ ትወድቃለች» አለች።

ከዚያ እንደሻው በልማድ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ መዶሻውን አነሳ።

«መቶ፣ አንደኛ ጊዜ» አለ።

ሳቁ እስከ ፈላና በር ተሰማ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሰው በሳቅ እርስ በርሱ ተደጋገፈ።

«አቦ ብርነሽ፣ በሽታም ትጫረቻለሽ እንዴ?» አለች አንዲት ሴት ከታች።

«የሩቂያ ልጅ አምስት ነው፣ እሷ መቶ። ቢያንስ ሃያ ብትይ ምን ነበር?» አለች ሌላዋ።

«ሃምሳ» አለች ብርነሽ። አፏ የለመደውን መንገድ እየሄደ ነበር፤ እሷ ኋላ ኋላው ትሮጣለች።

«ጨረታ ወደ ታች ሲወርድ ዛሬ ገና አየሁ» አለ እንደሻው። ሳቁ ግን በፊቱ ላይ እየቀነሰ ነበር፤ ቅርብ ስለሆነ እየቀለደች እንዳልሆነ አይቷል።

«ሰባት» አለች ብርነሽ። ድምፅዋ ወረደ፤ ከፊት ያሉት ብቻ ሰሙት። «ሰባት ጊዜ። ሲብስባት ስምንት።»

ከተወለደች ጀምሮ አንዲት ቁጥር ራቁቷን አውጥታ አታውቅም ነበር። ሰባትን ብቻዋን፣ ያለ ቀሚስ፣ ያለ ጥልፍ ስታወጣት እሷው ራሷ ፈረስ መጋላ ላይ ራቁቷን የቆመች መሰላት። ያም ሆኖ ከኋላ ያሉት ይስቁ ነበር። ለሰላሳ ዓመት ጥጃውን በሬ ስትል የሰማ ሰው ዛሬ በሬው በእውነት ሲመጣ ማን ይመነው?

ዶክተር ተክለጻድቅ መነጽሩን አወለቀ። «ወይዘሮ ብርነሽ፣ ቤትዎ መጥቼ ጠይቄዎታለሁ። አንዴ ብቻ ዞሮባት ነበር ነው ያሉኝ።»

«ዋሸሁዎት።»

«አሁንም ላለመዋሸትዎ በምን አውቃለሁ? ማስቀየሜ አይደለም። ያለችኝ አንዲት ቦታ ናት። ያልሆነ ልጅ ካስገባሁ ምርምሩን ያበላሽብኛል፤ የሌሎቹንም ልጆች ነገር ያሳስተዋል። ልጅቷን ስትወድቅ ያየ ሰው አለ?»

ብርነሽ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ያየ ሰው አልነበረም። ባሏ ድሬዳዋ ነው። በሩን ደህና አድርጋ ዘግታ፣ ጠባሳውን ደህና አድርጋ ሸፍና፣ ዘመድ እንኳ አላስገባችም። ምስጢሯን በጥልቅ ስለቀበረችው አሁን መቃብሩን የሚያሳይላት ሰው ጠፋ። ዓይኗ ሰው ሲፈልግ መጨረሻ ላይ ልታየው የማትፈልገው ፊት ላይ አረፈ።

ሩቂያ ከወንበሯ ተነሳች።

«እኔ አውቃለሁ ዶክተር» አለች። ሩቂያ ሕዝብ ፊት ተናግራ አታውቅም፤ እያየች ያለችው ዶክተሩን ብቻ ነበር። «አላየሁም፤ ግን አውቃለሁ። ወላሂ።»

«እንዴት?»

«ክብሪት የምትገዛው ከኔ ሱቅ ነው። እዚህ ፈረስ መጋላ ያሉት ሻይ ቤቶች ተደምረው የሚገዙትን ያህል ትገዛለች። ለምንሽ ነው ስላት ለኩራዝ ነው ትለኛለች። ቤቷ መብራት ከገባ ሁለት ዓመቱ።»

ከታች አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ጣሪያው ሥር፣ በሷና በኔ ቤት መካከል አንዲት የንፋስ ቀዳዳ አለች» አለች ሩቂያ። «የክብሪቱ ሽታ በዚያ ይመጣል። እኔም ለአሚን ስለምጭር የማን እንደሆነ አላጣውም። አሚን ጨዋታ ላይ ሆኖ ከሸተተኝ፣ ሰገነትን ጣላት እላለሁ፤ ያ ረቢ አንሳት እላለሁ። በቀን ሰባት ጊዜ ይሸተኛል። ብርነሽ ሌላውን ሁሉ ትጨምራለች፣ ይህንን ግን አልጨመረችም።»

እንደሻው መዶሻውን ኪሱ ከተተ። አንዳንድ ሰዎች ከመድረኩ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሾካሾኩ፤ ብርነሽ ባትሰማቸውም ምን እንዳሉ ታውቃለች፤ «ዘሩ አለበት» ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትሸሸው የነበረ ቃል በመጨረሻ ደረሰባት፤ ደርሶባትም እንደቆመች ናት።

ዶክተሩ መነጽሩን አደረገ። «መዝግቤያታለሁ። ነገ ጠዋት ልጅቷን ይዘዋት ይምጡ። ኮርቻ ሰፊውም ራሷን ይለካል» አላት።

ብርነሽ ሰፌዱን እንደገና እንዲጫረት መለሰችው። ሐጂ ዩሱፍ ከመቶ ብር በላይ ጠርተው ወሰዱት። ጀጎል ውስጥ ሰፌዱ ሦስት መቶ ነው የተሸጠው የሚል ወሬ ቢሰማ ምንጩን መጠየቅ አያስፈልግም።

ኮርቻ ሰፊው ሰኞ ጠዋት የለካውን የሰገነትን ቆብ ከሰዓት በኋላ አስረከበ። ብርነሽ ገልብጣ አየችው፣ እያገላበጠች ዳሰሰችው፣ ከዚያ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ከላይ ቀይ ከፋይ አልብሳ ጠርዙን በወርቅማ ክር ጠለፈችው። «የአሚን ለመውደቂያ ነው። ይህ ለጥምቀትም ይሆናል» አለች ለአላፊ አግዳሚው። ሰገነት ቆቡን ደፍታ በር ላይ ስትወጣ፣ እናቷ ልጆቹ ይሸሿታል ብላ ትንፋሿን ይዛ ነበር። የሸሹ ነበሩ። አሚን ግን መጣና ቀዩን ከፋይ በጣቱ ነካ አደረገው።

«እንለዋወጥ?» አላት።

«እምቢ» አለች ሰገነት። የብርነሽ ልጅ መሆኗን ያወቀ ያን ጊዜ አወቀ።

ማክሰኞ ማለዳ ላንድሮቨሩ ከፈረስ መጋላ ተነሳ። ዶክተሩና ሹፌሩ ከፊት፣ ሁለቱ እናቶችና ሁለቱ ልጆች ከኋላ። ሩቂያ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ነበር። ብርነሽ ስትገባ ተነስታ መስኮቱን ለቀቀችላት። ብርነሽ ተቀመጠች። መስኮቱን ፈልጋው ነበር፤ በመለቀቁ ግን ተናደደች።

ከተማውን ለቀው የሐሮማያ ሐይቅ ብልጭ ሲል ብርነሽ ከመስኮቱ ዞረች።

«ሩቂያ» አለች። «ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ክብሪት ልትገዢ በመጣሽ ቁጥር ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ እጠብቅ ነበር።»

«ስንት ጊዜ ጠበቅሽኝ?»

«ክብሪቱን ቁጠሪዋ።»

ብርነሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ለልጇ ቆብ በማግኘት ሩቂያ ቀደመች፤ እውነት በመናገር ሩቂያ ቀደመች፤ አሁን ደግሞ ዝም በማለትም ቀድማት ኖሯል። ለሰው መልካም መሆንን የሚጫረቱበት ቦታ ቢኖር ይህች ሴት ገና አንደኛ ጊዜ ሳይባል ወስዳው ትሄዳለች።

ሐይቁን እንዳለፉ ሰገነት ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ቀኝ እጇ ተቆለመመ። ብርነሽ ልጅቷን በጎኗ አስተኝታ ጭኗ ላይ እንዳደረገች እጇን መቀነቷ ውስጥ ከተተች። ክብሪቱ የለም። ጓዙ ውስጥ ይሁን ቤት ትርሳው አላወቀችም። ጫር የሚል የክብሪት ድምፅ ሰማች። ሩቂያ ጭራ፣ እጇን ከንፋስ ከልላ፣ ጭሱን ለሰገነት አፍንጫ አቀረበችው።

«እናንተ ሰዎች፣ መኪናው ውስጥ ቤንዚን አለ» አለ ዶክተሩ ከፊት ሆኖ። «ደግሞ ክብሪት ምንም እንደማይረዳ ነግሬአችኋለሁ።»

ሁለቱም አልሰሙትም። ብርነሽ የሩቂያን ክብሪት አየችው፤ ልጇን አየች፤ ከዚያ እፍ ብላ አጠፋችው። ቀፎውን ከሩቂያ እጅ መንትፋ የራሷን ጫረች። ሩቂያ የሰገነትን ቆብ ማሠሪያ አላላችላት፣ እግሯን ጭኗ ላይ ተቀበለቻት። ላንድሮቨሩ እየተንገጫገጨ፣ ልጅቷ በሁለቱ እናቶች ጭን ላይ ተጋድማ፣ መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ተዋት።

ስትነቃ እንደ ሁልጊዜው አየሩን አሸተተች።

«እማዬ፣ የማን ክብሪት ነው የሸተተኝ?»

ብርነሽ ሩቂያን አየቻት። ሩቂያ በብርነሽ ትከሻ በላይ በመስኮቱ መንገዱን እያየች ነበር።

«የኔ ነው» አለች ብርነሽ።

ግማሹ እውነት ነበር። ለብርነሽ ደግሞ ይህ ከመቼውም ያነሰ ማጋነን ነው።